እትዬ ዑምኩልሱም ካርድ ሲመልሱ

ሱቅ ባለበት አገር ሁሉ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ሰው ጽሑፉ ለሕዝብ በሙሉ የተጻፈ ይመስለዋል። አይደለም። በየከተማው ያ ጽሑፍ የሚለጠፈው ለአንድ ሰው ተብሎ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ጽሑፉን ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም።

በሐይቅ ከተማ ይህ ማዕረግ የተከበሩት የእትዬ ዑምኩልሱም ነው። እትዬ ዑምኩልሱም በገበያ ቀን በርበሬና ቅመም የሚሸጡ፣ ቁመታቸው አጠር፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሴት ናቸው። አይጮኹም፤ አይሳደቡም። ዕቃውን በሻርፓቸው ጠቅልለው ይገባሉ፤ ባለሱቁን ከነልጆቹ ከነከብቶቹ ደኅንነቱን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ ያኖሩና «ከማማህ ልንገርህ ብዬ ነው የመጣሁት» ይላሉ። ይህን ቃል የሰማ ባለሱቅ ያለቀለት ነው።

ሙግታቸው እንዲህ ነው። ሰው የማይረባ ዕቃ ገዝቶ ዝም ብሎ ቤቱ ከተቀመጠ፣ ዕቃውን ባየ ቁጥር ሻጩን በሆዱ ይረግማል፤ ጎረቤት ሲመጣም ያማዋል። ሐሜት ደግሞ ሐራም ነው። ስለዚህ ዕቃውን የሚመልሱት ለጥቅም ብለው ሳይሆን የሻጩንም የራሳቸውንም አኺራ፣ የወዲያኛውን ሕይወት፣ ለማዳን ነው። ባለሱቆቹ አኺራቸው ይህን ያህል እንዲደከምለት ጠይቀው አያውቁም።

የግንባታ ዕቃ ነጋዴው ዝናው አንድ ጊዜ ጓጉንቸር ሸጠላቸው። በማግስቱ መለሱት፤ በማንም ቁልፍ ይከፈታል ብለው። የተለወጠላቸውንም መለሱ፤ ይኼኛው ደግሞ በራሱ ቁልፍም አልከፈት አለኝ ብለው። ሦስተኛውን ዝናው ሱቁን ዘግቶ ቤታቸው ድረስ ሄዶ በገዛ እጁ ገጠመላቸው። ከውጫሌ ገበያ የገዟት ዶሮ ትጥላለች ተብላ ሳትጥል ብትቀር በሚኒባስ ይዘዋት ሄዱ፤ ረዳቱ ለዶሮዋ ሒሳብ ሲጠይቅ፣ እርሷ ወደ ቤቷ ነው የምትሄደው፤ ከባለቤቷ ተቀበል አሉት። በራቸውን አሳልፎ ያወረዳቸውን የባጃጅ ሹፌር ወደተነሡበት አስመልሰው እንደ አዲስ እንዲያደርሳቸው አድርገዋል። «ሰላም ነው?» ብሏቸው መልሱን ሳይሰማ የሮጠ ጎረቤት ቢኖር፣ በማግስቱ ቤቱ ሄደው የትናንቱ ሰላምታ ጎደሎ እንደነበር ያሳውቁታል። ባላቸውንም ሳይቀር ለእናቱ መልሰዋል ይባላል፤ እናትየውም ልጃቸውን ስለሚያውቁት ሳይከራከሩ ተቀበሉ ይባላል።

የወንድማቸው ልጅ ሙንተሲር ግን ከዚህ ዘር መሆኑ ያጠራጥራል። ሙንተሲር የበሰበሰ ቲማቲም ቢሸጡለት «ይሁን» የሚል ሰው ነው። ጅዳ በአንድ ሀብታም ቤት ሹፌር ሆኖ ዓመታት ሲኖርም አንድ ቀን «ይኼ ልክ አይደለም» ሲል የሰማው የለም። ከዚያ ያመጣው ትልቁ ሀብት ኮምፒውተር ነበር። የአሠሪዎቹ ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ሰጠው፤ ሙንተሲርም ከወገኖቹ ዕቃ ጋር በካርጎ ላከው። ጎኑ መስታወት የሆነ፣ አንድ በግ የሚያሳድር ሣጥን ነው። ውስጡ በቱቦ ሰማያዊ ውሃ ይዞራል፤ ውሃው የማሽኑን ሙቀት ተሸክሞ ፊት ለፊት ወዳለው ራዲያተር ይወስድና ቀዝቅዞ ይመለሳል፤ ልክ እንደ መኪና። ሙንተሲር ሹፌር ስለነበር ይኼን ለማስረዳት አልተቸገረም። የሐይቅ ሰው ግን ባለ ውሃ ኮምፒውተር ሊያይ ሲመጣ፣ ውሃውን በየስንት ጊዜው ከሐይቁ እንደሚቀዳለት ይጠይቅ ነበር።

ሙንተሲር ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ጌም ቤት ከፍቷል። ያረጁ ፕሌይስቴሽኖች አሉት፤ ወጣቱ ግን ደሴ ሄዶ የተሻለ ማየት ጀምሯል። ያ ኮምፒውተር ቢነሣለት ጌም ቤቱ ይነሣል። ችግሩ፣ የአሠሪዎቹ ልጅ ሣጥኑን ሲሰጥ ግራፊክስ ካርዱን ነቅሎ አስቀርቶታል። ግራፊክስ ካርድ ማለት ሥዕሉን እየሠራ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ክፍል ነው፤ እርሱ ከሌለ ያ ሁሉ ቱቦና ውሃ የአሣ ማሳያ ነው። እትዬ ዑምኩልሱም ሙንተሲር የሚገዛው ካርድ እንደቸገረው ሲሰሙ፣ ለእርሳቸው ስልክም አብሮ እንዲገዛላቸው ነገሩት። የስልክ ካርድ አለመሆኑን አስረድቶ እስኪጨርስ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ከጅዳ መልእክት መጥቷል፤ አዲሱ ሹፌር አልተስማማቸውም፤ ሙንተሲር ቢመለስ ቪዛው ይላካል። ሚስቱ ሀውራ ነገሩን ሰማች። ያን ከጅዳ የመጣበትን ትልቅ ሻንጣ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችና የእትዬ ዑምኩልሱምን ዛላ በርበሬ ሞላችበት። ከእንግዲህ ያን ሻንጣ ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገባ ሰው አገሩን ሁሉ ያስነጥሳል።

ሙንተሲር የመጀመሪያውን ካርድ ማንንም ሳያማክር መረጠ። ለሳምንታት ቪዲዮ ሲያይ፣ በቴሌግራም ዋጋ ሲያነጻጽር ሰነበተና ደሴ ፒያሳ ከአንድ ትንሽ ሱቅ ያገለገለ ካርድ ገዛ። ሦስት ማራገቢያ ያለው፣ ጡብ የሚያህል ነው። ያገለገለ በመሆኑ እንጂ አዲሱን የሚችለው አልነበረም። ቤት አምጥቶ ሊገጥመው ሲል፣ ያ ራዲያተር ፊት ለፊት ቁጭ ብሏል፤ ካርዱ በጣት ስፋት ያህል ረዘመ።

«ይሁን» አለ ሙንተሲር፤ መጋዝም ተዋሰ። ሣጥኑን ሊቆርጥ ሲዘጋጅ አክስቱ ደረሱ።

እትዬ ዑምኩልሱም መጋዙን አዩ፤ መስታወቱን አዩ። ጫማ ጠበበኝ ብሎ እግሩን የሚቆርጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ሙንተሲር ሻጩ እንደማይመልስ፣ ጽሑፍም እንደለጠፈ ነገራቸው። እርሳቸው ግን ካርዱን በሻርፓቸው መጠቅለል ጀምረው ነበር። እስከ ደሴ ድረስ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈውት ሄዱ። ሙንተሲር አጠገባቸው ተቀምጦ ሚኒባሱ እንዲበላሽ ዱዓ ያደርግ ነበር።

ባለሱቁ ታሪኩ የሚባል ወጣት ነው። ሱቁን ከከፈተ ብዙም አልቆየ፤ ፊቱ የሚያሳዝን ልጅ ነው። ደኅንነቱ ሲጠየቅ ደስ አለው። ጥቅሉ ሲፈታ ግን ፈገግታው ሄደና በጣቱ ወደ ግድግዳው አመለከተ።

«ማንበብ አልችልም ልጄ፤ ምን ይላል?» አሉት።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል፣ እናቴ።»

«እውነት ነው፤ ደግ ጽሑፍ ነው። የተሸጠ ማለት ግን ገዢው ቤት ገብቶ የተቀመጠ ነው። ይኼ መቼ ገባ? በር ላይ ደርሶ አልገባ ብሎ ነው የተመለሰው።»

ታሪኩ ጽሑፉን እንደ አዲስ አነበበው። ሙንተሲር ሊገዛ የመጣ ሰው መስሎ ኪቦርድ ያገላብጥ ነበር። እትዬ ዑምኩልሱም ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ታሪኩ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምሳ ማን እንደሚያበስልለት ጠየቁት፤ ደንበኛ ሲገባም «ግባ ልጄ፤ ይኼ ልጅ ሐቀኛ ነው፤ አሁን ዕቃ ሊለውጥልኝ ነው» እያሉ ተቀበሉለት። እንዲህ እያሉ ብዙም ሳይቆይ ታሪኩ ካርዱን ለወጠ።

ሁለተኛው ካርድ አጠር ያለ፣ ስሙ ግን ከፊተኛው የገነነ ነው፤ ዋጋው ደግሞ ለስሙ በጣም ያንሳል። ሙንተሲር ስሙን ሲያይ ልቡ ቀለጠ። ገጠመው፤ ልክ ሆነ። መብራቱ በራ፤ ውሃው መዞር ጀመረ፤ ስክሪኑም ተከፈተ። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ተሰበሰበ። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ስክሪኑ እንደ ሽርጥ ተሸነተረና ጠፋ። ደግሞ ሞከረው፤ ያው ነው። ሕዝቡ አንድ በአንድ ወጣ፤ የመጨረሻው ሰው በሩን ቀስ ብሎ ዘጋለት። ሙንተሲር በቴሌግራም አዋቂ ሲጠይቅ፣ ካርዱ ድሮ የተረሳ ደካማ ካርድ ሆኖ ሰው የትልቅ ካርድ ስም እንደጫነበት ተረዳ። ስሙ ሌላ፣ ሥራው ሌላ።

በማግስቱ እትዬ ዑምኩልሱም ሲመጡ ሙንተሲር ክፍሉን ዘግቶ መስታወቱን ሲወለውል አገኙት። የሚወለውለው ኮምፒውተሩን ሊሸጠው ነበር።

«ይሁን» አላቸው። «ጅዳ ብሄድ ይሻላል።»

እትዬ ዑምኩልሱም ገብተው መወልወያውን ከእጁ ወሰዱ። ሲናገሩ ድምፃቸው ከወትሮውም የለሰለሰ ነበር።

«የምንመልሰው ካርዱን ነው» አሉ። «አንተን አይደለም።»

በዚህኛው ጉዞ ታሪኩ ገና ሲያያቸው ራሱን ያዘ። ነገሩን ሲሰማ ግን አልተከራከረም፤ ፊቱ ደም መሰለ። ካርዱን አዲስ አበባ ካለ ነጋዴ እንደተረከበ፣ እርሱም እንደተታለለ፣ ሰውየው አሁን ስልኩን እንደማያነሣ ተናገረ። ውሸት አልነበረም። የሱቅ ኪራይ የደረሰበት ሰው እንዴት እንደሚያወራ እትዬ ዑምኩልሱም ያውቃሉ።

«ታዲያ አንተ ለምን አልመለስክም?» አሉት።

ታሪኩ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር አሰማ። እትዬ ዑምኩልሱም የሰውየውን ቁጥር ተቀብለው በራሳቸው ስልክ ደወሉ። የማያውቀው ቁጥር ስለሆነ አነሣ። እርሳቸውም ከሐይቅ እንደሚደውሉ፣ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ፣ አዲስ አበባ ዝናቡ እንዴት እንዳለ ጠየቁትና፣ ከማማህ ልንገርህ ብዬ ነው አሉት። ዘጋው። ከዙህር ሶላት በኋላ ደወሉ። ከዐስር ሶላት በኋላም ደወሉ። በማግስቱም እንዲሁ፣ ሰግደው በተነሡ ቁጥር። ሰውየው በመጨረሻ ለታሪኩ ደውሎ፣ ካርዱን በመኪና እንዲልክለትና ገንዘቡን እንዲቀበል፣ ያችን ሴትዮ ብቻ እንዲያስቆምለት ለመነው። ታሪኩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዕቃ መለሰ።

ሦስተኛው ምርጫ ሲመጣ ታሪኩ ካርድ ከማሳየቱ በፊት ሙንተሲርን አንድ ነገር ጠየቀው፤ ምን ሊጫወቱበት ነው?

ቀላል ጥያቄ ነበር። የሐይቅ ልጆች የሚጫወቱት ኳስ ነው፤ ሲበዛ የመኪና ውድድር ነው። ለዚያ ያ ጡብ የሚያህል ካርድ እንደማያስፈልግ ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር፤ ያያቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ነግረውታል። ታዲያ ለምን ያን መረጠ? ጅዳ ሳለ የአሠሪዎቹን ልጅ ከትምህርት ቤት አምጥቶ፣ ማምሻውን እስኪጠራ ድረስ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቅ ነበር። የልጁ ክፍል በር ገርበብ ይላል፤ በዚያ ክፍተት ስክሪኑ ይታያል፤ ባሕሩ፣ ተራራው፣ የሚነድደው ከተማ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ግባ ማለት ብቻ ትዝ አላለውም። ሙንተሲር ያኔ ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ የካርዱን ስም አንብቧል። ደሴ መጥቶ የገዛው ያንኑ ነበር።

ይህን ለታሪኩ አልነገረውም። «ኳስ ነው የሚጫወቱት» ብቻ አለ።

ታሪኩ ከመደርደሪያው አንድ ትንሽ ሣጥን አወረደ። አዲስ ነው፤ ዋስትና አለው፤ ማራገቢያው አንድ፣ ቁመቱም ስንዝር የማያልፍ ነው። መብራትም ብዙ አይበላም። ኳሱን በደንብ ያጫውታል፤ መኪናውንም ትንሽ ጥራቱን ቀንሶ ያጫውታል። ሙንተሲር በእጁ ያዘው። በዚያ ትልቅ መስታወት ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል፣ ሰፊ በረት ውስጥ እንደቀረች አንዲት ግልገል እንደሚሆን ታየው። አክስቱን ዞር ብሎ አየ። እርሳቸው መንገዱን ያያሉ።

«አክስቴ፣ ምን ይላሉ?»

«እኔ የማውቀው መመለስ ነው» አሉት። «መምረጡን አንተ ታውቃለህ።»

ሙንተሲር ካርዱን አገላብጦ አየው። ከዚያ እዚሁ ተሰክቶ ሲሠራ ልየው አለ። ሻጭን ይህን አድርግልኝ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር። ታሪኩም አልከፋውም፤ ሰካለት፤ ኳሱ ሜዳው ላይ ሲንከባለል ሦስቱም ቆመው አዩ። ከዚያ ሙንተሲር ገዛው።

ካርዱ እስካሁን ሠርቷል። ጌም ቤቱ ሞላ፤ ከአርዲቦ በኩል ሳይቀር በባጃጅ ተሳፍረው የሚመጡ ወጣቶች አሉ። ግልገሏ በበረቷ ውስጥ ማንም አልሳቀባትም፤ ሰው የሚያየው ስክሪኑን ነው።

ወር ያህል ካለፈ በኋላ እትዬ ዑምኩልሱም አንድ ቀን ጠዋት መጡና ደሴ እንሂድ አሉ። ሙንተሲር ደነገጠ። ካርዱ ደኅና እንደሆነ፣ አንድም ጉድለት እንደሌለው ማለላቸው። እርሳቸው ዘንቢላቸውን አንሥተው ወጡ። መንገዱን ሙሉ ምን ጉድለት እንዳገኙበት ሲያስብ፣ ለታሪኩ ምን ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሲያሰላስል ደረሱ።

ታሪኩ ሲያያቸው የያዘውን ገመድ አስቀመጠ፤ ደንበኛውን ፈጥኖ ሸኘ፤ እጆቹን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ እንደሚፈረድበት ሰው ቆመ። እትዬ ዑምኩልሱም እናቱን፣ ምሳውን፣ ኪራዩን ጠየቁ። ከዚያ፣

«ካርዱ ሠርቷል» አሉት።

ታሪኩ ቀጣዩን ቃል ጠበቀ። የለም።

«እሺ እናቴ፤ ታዲያ ምኑ ነው ያስቸገረው?»

«ምንም አላስቸገረም። ደግ ዕቃ ነው የሰጠኸን፤ አላህ ይስጥህ። ይኼንኑ ልነግርህ ነው የመጣሁት።» ከዘንቢላቸውም በወረቀት የተጠቀለለ የተጠበሰ ቆሮሶ አወጡ። የሐይቅ አሣ ነው፤ ጠዋት ከጀልባ የወረደ።

ታሪኩ አሣውን ተቀብሎ ማስቀመጫ አጣለት። ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ ሰው እዚህ የሚገባው ወይ ሊገዛ ነው ወይ ሊጣላኝ አለ። ሌላም ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ ግን ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረና ቀድሞውንም በመልክ በመልኩ የተደረደሩትን ሣጥኖች ማስተካከል ያዘ። እትዬ ዑምኩልሱም እስኪጨርስ ጠበቁት። የሙንተሲርም ዓይን ወደ መንገዱ ሄደ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ሙንተሲር ጠየቃቸው። ለሁሉም ነው እንዲህ የሚያደርጉት? እትዬ ዑምኩልሱም ጥያቄው ገረማቸው። ሰው ዕቃው ሲከፋ ብቻ ይጠየቃል እንዴ አሉ። ስንቱ ቤት ለምስጋና እንደሄዱ፣ ስንቱን ባለሱቅ ደግ ዕቃ ሰጠኸኝ እንዳሉት ነገሩት። «የመለስኩትን ነው ሰው የሚያወራው» አሉ። «ያመሰገንኩት ወሬ አይሆንም።» ይህን ያሉት ቅር ሳይላቸው ነው። ጥቂት እንደሄዱም ራሳቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው አንቀላፉ።

ሙንተሲር ትከሻውን ሳያንቀሳቅስ ስልኩን አወጣ። ለጅዳ አሠሪዎቹ በዐረብኛ የድምፅ መልእክት ይቀዳ ጀመር። እንደማይመጣ፣ ሌላ ሹፌር እንዲፈልጉ ነገራቸው። እዚያ ላይ ሊያቆም ነበር፤ አላቆመም። ያ የሰጡት ክፍል መስኮት እንዳልነበረው፣ ለሚመጣው ሹፌር መስኮት ያለው ክፍል ቢሰጡት መልካም እንደሆነ ነገራቸው። የቤቱ አሮጊት ሐጃ በረመዳን ለማፍጠሪያ የሚልኩለትን ሾርባ እንዳልረሳው፣ ዱዓ እንደሚያደርግላቸውም ነገራቸው። ዓመታት ሙሉ በሆዱ የነበረው ይህን ያህል አጭር መሆኑ ገረመው።

እትዬ ዑምኩልሱም ዓይናቸውን ሳይገልጡ ከማን ጋር እንደሚያወራ ጠየቁት።

«ከጅዳ ሰዎች ጋር።»

«ምን አሉህ?»

«እነርሱ ምንም አላሉም፣ አክስቴ» አለ ሙንተሲር። «እኔ ነኝ ያልኳቸው።»